ልጅቷ ዛሬ የት ታድራለች?

ጡረታ ከወጣሁ ገና አንድ ክረምት ነው ያለፈው። ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ሰው አሁንም «ሲስተር» ብሎ ይጠራኛል። ዞር ስል አብዛኞቹን በስም አላውቃቸውም። ክትባት ስሰጣቸው ጮኸው ያለቀሱ ልጆች ዛሬ ጢም አብቅለው፣ ልጅ አዝለው ይስሙኛል። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ እንዳይተሳሰር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ በእግሬ እወጣለሁ። መንገድ ላይ ልጅ ሲገጥመኝ ሳላስበው አረማመዱን፣ ጆሮውን፣ አንገቱን አያለሁ። ከሥራ ሲያሰናብቱኝ ይህን ልማድ አልተረከቡኝም።

በቅርቡ የሕፃናት ክፍሉ አዳዲስ ነርሶች ጠርተውኝ፣ አንድ ልጅ በሰው እጅ እንደተጎዳ በምን ይታወቃል ብለው ጠየቁኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው። ሰዓቱ አጭር ስለነበር ምልክቶቹን እንጂ ሰዎቹን አላወራሁላቸውም። ቤቴ ስገባ የመጡብኝ ግን ሰዎቹ ናቸው። ከሁሉም ቀድመው የመጡት ሲስተር ዘነበች ናቸው።

የመጀመሪያ ምደባዬ ይፋግ ነበር። ጤና ጣቢያው ከባሕር ዳር ጎንደር ከሚወስደው መንገድ ብዙም አይርቅም። ሙቀቱ ለእኔ ለደገኛዋ ከባድ ነበር፤ በወባ ወቅት ደግሞ እናቶች ከግቢው ዛፍ ሥር ልጆቻቸውን ታቅፈው ሲጠብቁ ይውላሉ። ደመወዝ ዘግይቶ ይመጣል፣ መጥቶም አይቆይም። እኔ ግን ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ነጭ ጋውን ለብሼ መስተዋት ፊት የምቆም ልጅ ነበርኩና ደስታዬ ሌላ ነበር። ሲስተር ዘነበች የሕፃናቱን ክፍል ይመሩ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ሳቃቸው ግን ግቢውን ያልፍ ነበር።

ልጅ ሲያዩ ወንበር ላይ አይቀመጡም። አንዲት ዝቅ ያለች ዱካ ነበረቻቸው፤ በእሷ ላይ ቁጭ ብለው ከልጁ ዓይን በታች ይሆናሉ። መጀመሪያ ከእናቱ ጋር ሳይሆን ከልጁ ጋር ይጫወታሉ፤ ላማችሁ ወለደች ወይ፣ ማን ነው ከእናንተ ቤት ብዙ የሚበላው፣ ይሉታል። ከዚያ እጃቸውን አሻሽተው ያሞቁና ልብሱን ያወልቃሉ። አንድ ልጅ ለጉንፋንም ይምጣ ለተቅማጥ ሙሉ ልብሱ ሳይወልቅ ከእሳቸው ክፍል አይወጣም ነበር። ግን በአንድ ጊዜ አያራቁቱትም። ደረቱን አይተው ይሸፍኑታል፣ ከዚያ ጀርባውን፣ ከዚያ እግሩን። «ልጅም ያፍራል» ይሉኝ ነበር።

እናትየዋን ምን ሆነ ብለው አይጠይቁም። «ጠዋት ከተነሳችሁበት ጀምረሽ ንገሪኝ» ነው የሚሉት። ሰምተው ዝም ይላሉ። ኋላ መድኃኒቱን ሲጠቀልሉ፣ የረሱት ነገር እንዳለ አስመስለው፣ እንደገና ይጠይቃሉ። እውነተኛ ነገር በሁለተኛው ጊዜም መንገዱን አይስትም፤ የፈጠራ ከሆነ ግን በቅሎው ፈረስ ይሆናል፣ ማለዳው ማታ ይሆናል። ደግሞም በወላጅ ፊት ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። አንድ ቀን አንዷን እናት ልቆጣ አፌን ስከፍት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ከተቆጣሽ ልጁን ይዘው ይሄዳሉ፣ ዳግመኛም አያመጡልሽም፣ አሉኝ።

ምልክቱን ያስተማሩኝ በጣታቸው እያሳዩ ነው። የሚሮጥ ልጅ ቅልጥሙ፣ ጉልበቱ፣ ግንባሩ ቢበልዝ ጤናማ ልጅ ነው ማለት ነው። ጆሮው፣ ጉንጩ፣ ጀርባው፣ የታፋው ውስጠኛ ክፍል ከበለዘ ግን ወድቆ አይደለም። ገና ያልዳኸ ሕፃን ደግሞ በራሱ የትም ሄዶ አይበልዝም። ሲነኩት የማያለቅስን፣ እጅ ሲነሳ አንገቱን የሚቀብርን ልጅ ሁለቴ እይው ይሉኝ ነበር።

እኔም ይህን ከተማርኩ በኋላ የማየው ሁሉ በደል መሰለኝ። አንድ ቀን ከወገቡ በታች ሰማያዊ የሆነ ጨቅላ መጣና እየሮጥኩ ጠራኋቸው፤ ተደብድቧል አልኳቸው። መጥተው በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ሕፃኑ ምንም አልመሰለውም። እናትየዋን ከመቼ ጀምሮ ነው ሲሏት ይዞት እንደተወለደ ነገረችን። ሲስተር ዘነበች ልጁን አቀፉት፤ ለእኔም ይህ ማርያም የሳመችው እንጂ ሰው የመታው አይደለም አሉኝ። እናትየዋ ሳቀች። ዋግምት የተደረገበትን ክብ ምልክትም፣ ሆዱን ያመዋል ተብሎ በጋለ ብረት የተተኮሰበትንም እንዲሁ ለየሁ። እነዚህም ልጁን ያሳምሙታል፤ ግን ያደረገው ሰው ሊያድነው ብሎ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ይገባል እንጂ እንደ ጨካኝ አይታይም።

ከሁሉ የማልረሳው ዓይኑ ደም መስሎ፣ እየሳለ የመጣ አንድ ልጅ ነው። ሲስተር ዘነበች ሸሚዙን አሸተቱትና በርበሬ ታጥኖ ነው አሉ። አባትየው አልካደም። ሳንቲም ወስዶ ስለነበር እንደቀጣው፣ እሱም ልጅ ሆኖ ታጥኖ እንዳደገ በኩራት ተናገረ። እኔም በልጅነቴ ታጥኛለሁና መሬት መሬት አየሁ።

«አንቱ የታጠኑበትን ቀን ያስታውሱታል?» አሉት ሲስተር ዘነበች።

«አስታውሰዋለሁ» አለ ሰውየው።

«እሱም ያስታውሰዋል።»

 አባትየው ለቀጠሮው ልጁን ራሱ ይዞት መጣ፤ ኋላም ገበያ ሲወጣ ጎራ እያለ ሰላም ይለን ነበር። ያን ጊዜ ለማን ሪፖርት ይደረጋል? ሕጉ ባይጠፋም ልጅ የአባቱ ነው የሚለው ነገር ከሕጉ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ሲስተር ዘነበች በሚያውቁት መንገድ፣ አንድ በአንድ ይሄዱበታል።

ቀጥሎ የተዛወርኩት በጉና ወገብ ላይ ወዳለ ጤና ጣቢያ ነው። ብርዱ እስከ አጥንት ይገባል፤ የምንበላው ድንችና የገብስ ቂጣ፣ የምንሄደው በእግር ወይ በበቅሎ። አገሩን ግን ወደድኩት። ጠዋት ጭጋጉ ከሥራችን ሲተኛ ከደመና በላይ የምንኖር ይመስለኝ ነበር። ሰዉም ብርዱን ለምዶ፣ እንግዳ ሲመጣ የበግ ለምድ አንስቶ የሚያለብስ ነው።

ይታይሽን ያገኘኋት እዚያ ነው። ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። የአባቷ ሚስት በጀርባዋ አዝላት መጣች። ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበሩት ሁሉ «የእንጀራ እናቷ ናት» ብለው ተንሾካሾኩ፤ ፊታቸው ላይ ፍርዱ አልቆ ነበር። የልጅቷ ክንድ ከመሃሉ ተሰብሯል። ልብሷን ሳወልቅ በሌላኛው ክንዷ ላይ ተጣሞ የገጠመ አሮጌ ስብራት አገኘሁ። ጆሮዋ ላይም ጠባሳ ነበር። ሴትየዋን ብቻዋን አስቀምጬ ጠዋት ከተነሳችሁበት ጀምረሽ ንገሪኝ አልኳት። ከበቅሎ ወደቀች አለችኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዳገቱ፣ በቅሎዋ ስለ መደንበሯ ነገረችኝ። ክንዱን አስሬ ስጨርስ እንደገና ጠየቅኋት። አሁንም ስለ በቅሎዋ ጀመረችና መሃል ላይ አቆመች።

«በቅሎ የለንም» አለችኝ። «እሱ ነው። እርሻ ሲወጣ ጠብቄ ነው ይዣት የመጣሁ።»

ለወረዳው ፖሊስ አመለከትኩ። አባትየው ተያዘ። ይታይሽ ደብረ ታቦር ሄዳ ራጅ ተነሳች፤ ጀሶ ተደርጎላት ተመለሰች። ሁሉ ነገር በመስመሩ የሄደ መስሎኝ ልቤ አረፈ። ከዚያ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ነፍስ አባቱ ገቡበት፤ ሰውየው ምሎ፣ ዋስ ጠርቶ ወጣ። ታረቁ ተባለ። ሚስቱን የቤቱን ጉድ አደባባይ አወጣሽ ብሎ አባረራት። ልጅቷን ቆላ ወዳሉ ዘመዶቹ ሰደዳት አሉ። የትኛው ቆላ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። በገበያ ቀን ከታች የሚመጡትን ሁሉ ጠየቅሁ። ጀሶዋ የሚፈታበት ቀን ሲደርስ የመቁረጫ መቀሱን አዘጋጅቼ ስጠብቅ ዋልኩ። አልመጣችም። እስከ ዛሬም አላየኋትም። ዛሬ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ካለች።

ሲስተር ዘነበች ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ተዛውረው ነበር። ለስብሰባ ስወርድ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር፤ አላጽናኑኝም። 

«ያመለከትሽው ልክ ነው» አሉኝ። «ግን ከዚያ በኋላ፣ ልጅቷ ዛሬ የት ታድራለች ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር። ከእንግዲህ ግን እንጠይቅ።»

እኔም ከዓመታት በኋላ ደብረ ታቦር ተመድቤ ከእሳቸው ጋር እንደገና ሠራሁ። በሥራ ዘመኔ ከሁሉ የምወደው ጊዜ ያ ነው። ምሳችንን በአንድ ሰሃን እንበላ ነበር። እሳቸው ጡረታ ወጥተው፣ ኋላም አርፈው፣ በቀብራቸው ዕለት ከይፋግ ድረስ ገበሬዎች መጥተው አለቀሱላቸው። አገሩም ተለወጠ። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ለሴቶችና ለሕፃናት ተብሎ ክፍል ተከፈተ፤ ማኅበራዊ ሠራተኛ የሚባል ሰው መጣ፤ የጤና ባለሙያ ሲጠረጥር ማሳወቅ እንዳለበት በሥልጠና ሁሉ ይነገር ጀመር። እኔም በሕፃናት ክፍሉ አንጋፋዋ ሆንኩ።

ብርቱካን የመጣችው ያኔ ነው። ዕድሜዋ አሥር ዓመት አካባቢ ነው፤ ከጉና ወዲያ ማዶ ከገጠር መጥታ ከተማ ውስጥ ሰው ቤት የምትኖር ልጅ። ይዛት የመጣችው አስካለ ናት። አስካለ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች፤ የማርያም ማኅበር አብረን እንጠጣለን፤ የመጀመሪያ ልጇን ማህሌትን ስትወልድ እጇን ይዤ ያማጥኳት እኔ ነኝ። ባሏ አቶ ደሴ የተከበረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ብርቱካንን አውቃት ነበር፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሁለቱን ሕፃናት ስታጫውት እሰማታለሁ። ዘመድ ናት፣ እያስተማርናት ነው ይሉ ነበርና ከዚያ ያለፈ አልመሰለኝም።

የልጅቷ ሁለት እጆች በጨርቅ ተጠቅልለው፣ የጥርስ ሳሙና ተቀብተው ነበር። አስካለ የፈላ ውሃ ተደፋባት አለች። መቼ ስላት ከትናንት በስቲያ። ጨርቁን በጨው ውሃ አርሼ ቀስ ብዬ ፈታሁት። የተደፋ ውሃ ይረጫል፤ ደረት ላይ፣ ልብስ ላይ፣ እግር ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። የብርቱካን ደረትም እግርም ንጹህ ነበር። ቃጠሎው ከጣቶቿ ጫፍ ተነሥቶ ሁለቱም አንጓዎች ላይ እኩል ቆሟል፤ ልክ እንደ አምባር ዙሪያውን የተሰመረ። መዳፏን ስገልጠው መሃሉ ደህና ነው። እጇን ጨብጣ ስለነበር ውሃው እዚያ አልደረሰም።

አስካለ ከኋላዬ ቆማ «እትዬ ሙሉ፣ መድኃኒቱን ብቻ ይስጡኝ፤ ቤት እኔ አስታምማታለሁ» አለችኝ።

ቁስሉ እያመረቀዘ ነው፣ መተኛት አለባት አልኳት። ይህም እውነት ነበር። ድምፄ እንዳይለወጥ ሲስተር ዘነበችን እያሰብኩ ነበር።

የተረኛው ሐኪም ዶክተር ቶሎሳ ይባላል። ከወለጋ የመጣ፣ ገና ወጣት፣ የእኛን አነጋገር ለምዶ «እንዴት ዋላችሁ»ን በጎንደር ዜማ የሚል፣ ልጆች የሚወዱት ሰው ነው። የልጅቷን እጆች አየና እኔን አየኝ፤ ማናችንም ለሌላው ማስረዳት አላስፈለገንም። ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ ሴትየዋ ጎረቤቴ መሆኗን እንደሚያውቅ ነገረኝ።

«እኔ አንድ ቀን ተዛውሬ እሄዳለሁ፤ እርስዎ እዚሁ ነው የሚኖሩት» አለኝ። «ከፈለጉ በእኔ ስም ብቻ ይሂድ።»

ይህን ደግነቱን አልረሳውም። ሁለታችንም ያየነውን ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን። ከዚያ ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ጠርቼ ልጅቷ ዛሬና ከዛሬ በኋላ የት እንደምታድር ጠየቅሁ። አብረን ወሰንን፤ እናቷ እስክትገኝ ከክፍላችን አትወጣም፤ ያመጧት ሰዎችም ብቻቸውን አያገኟትም። አልጋዋን ከነርሶች ጠረጴዛ ፊት ለፊት አደረግናት።

ምን እንደሆነች አልጠየቅኋትም። ስለ ማህሌት፣ ስለ ትንሹ ወንድሟ ስለ ዮናስ እናወራ ነበር። አንድ ጠዋት ፋሻዋን ስቀይር፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ እንደ ቀልድ ተናገረችው።

«ወተቱ ገነፈለብኝ። እትዬ አስካለ ይቺን እጅሽን ልቅጣት አሉኝ።»

 ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም፤ አንድ ልጅ ያን ነገር ለሰው ሁሉ ሲደጋግም እንዳይውል፣ መጠየቅ ለሚገባው ሰው ብቻ አሳወቅሁ። ፖሊሶቹ አስካለን የያዟት በማግስቱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ቤቴ የመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የማኅበራችን አባትም አብረው ነበሩ። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ፤ እናቴ ስትሞት ድንኳኑን የተከሉት እነሱ ናቸው። ረጋ ብለው ተናገሩ። የሁለት ሕፃናት እናት ናት፣ በንዴት የሆነ ነው፣ ካሣ ትክፈል፣ አንቺ የጻፍሽውን አደጋ ነው ብለሽ አስተካክይው አሉኝ። የማኅበሩ አባት መስቀላቸውን ይዘው፣ ለእኛ ስትዪ ይቅር በያት አሉ። ያን ጊዜ የጉና ሽማግሌዎችም እንዲሁ በቅን ልብ እንደመጡ ገባኝ። 

«አባቴ፣ የተቃጠለው የእኔ እጅ ቢሆን ዛሬውኑ ይቅር እላት ነበር» አልኳቸው።

ሳይመርቁኝ ወጡ። በወሩ ማኅበር ሲደርስ ማንም አልጠራኝም። ውሃ ስቀዳ ጎረቤቶቼ ፊታቸውን ያዞራሉ። በየቀኑ በአስካለ በር ማለፍ ነበረብኝ።

የብርቱካንን እናት የቀበሌው ሰዎች አፈላልገው አገኟት። ጋቢዋ በአቧራ ጠይሞ ደረሰች። ልጇ ትምህርት ቤት የምትውል ይመስላት ነበር። የልጇን እጆች ስታይ ትጮሃለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልጮኸችም። አልጋው ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ ምሳ ሲመጣ ልጇን ማጉረስ ጀመረች። ሌላ የምታደርገውን እስክታውቅ ድረስ ስታጎርሳት ሰነበተች። እኔም ጣቶቿ ተጣብቀው እንዳይቀሩ በየቀኑ እንዴት እንደሚዘረጉ አስተማርኳት። ያማል፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እናትየዋም አብራ ታለቅሳለች፣ ግን አንድ ቀን አላቋረጡም። አስካለ ተፈረደባት፤ ፍርዱ ረጅም አልነበረም። ብርቱካን ደግሞ ከእናቷ ጋር እንድትሄድ፣ በሰፈራቸው ያለው ጤና ጣቢያም እንዲከታተላት ተወሰነ። ከድሮ የማውቃት ነርስ አለችበት፤ በስልክ አደራ አልኳት።

የሄዱ ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ዶክተር ቶሎሳ ብርቱካን የመረጠችውን ቀይ ሻርፕ ገዝቶ ላከላት። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ እናቷ ስትጠራት፣ ወደ እኔ ተመልሳ መጣች።

«ሲስተር፣ ማህሌትንና ዮናስን አሁን ማን ነው የሚያጥባቸው?»

አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም ነበር። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

ከመናኸሪያው ወደ ቤቴ አልገባሁም። የአስካለን በር አንኳኳሁ። አቶ ደሴ ከፈተ፤ ከስቷል፣ ሸሚዙ አልተተኮሰም። ሲያየኝ በሩን እንደያዘ ቆመ።

«ምን ቀረዎት ሲስተር?» አለኝ።

ልጆቹን ላያቸው እንደመጣሁ ነገርኩት። ያባርረኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ከበሩ ዞር አለልኝ።

ልጆቹ በረንዳው ላይ ነበሩ። ዮናስ አፍንጫው ሳይጠረግ ቆርኪ ይደረድራል። ማህሌት አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯ ተንጨባሮ የወፍ ጎጆ መስሏል። ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ብርቱካን ሰላም ብላችኋለች አልኳቸው። ዮናስ መቼ ትመጣለች አለኝ። እናቷ ጋ እንደሄደች፣ እንደማትመለስ ነገርኩት። ማህሌት ከቆርኪው ዓይኗን አንስታ አየችኝ።

«የኛን እማዬ ያሳሰሯት እርስዎ ነዎት?»

አቶ ደሴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «የብርቱካን እጅ በጣም ተጎድቶ ስለነበር ነው። እማዬ ግን ትመጣለች።»

 ማህሌት ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። አትመለስም ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ልነሣ ስል ማበጠሪያ ይዛ ወጣች።

«አባዬ ማበጠር አይችልም» አለችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ከእግሬ ሥር ተቀመጠች።